«ፍሪ ሬንጅ» ዶሮ ማለት ምን ማለት ነው?

አሜሪካ ውስጥ የዶሮ ሥጋ ማሸጊያ ላይ «ፍሪ ሬንጅ» (በነፃነት የተሰማራ) የሚል ስናነብ፣ ሜዳ ላይ እየጫረች ያደገች ዶሮ ትታየናለች። የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር የሚጠይቀው ግን ዶሮዋ ወደ ውጭ መውጫ እንዲኖራት ነው፤ ከቤቱ ንቅንቅ ሳትል ብታድግም ስያሜው አይቀርባትም። አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ሞርጋን ስፐርሎክ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዕይታ ባበቃው ዘጋቢ ፊልም ላይ ከዶሮ ቤቱ በር ውጭ ትንሽ ቦታ አጥሮ ነው መስፈርቱን ያሟላው። ገዢን ማሳሳት ነው፣ ያናድዳል።

«ሆርሞን ያልተጨመረበት» የሚለውም ያው ነው። እዚያ አገር ለዶሮ ሆርሞን መስጠት ለማንም ክልክል ስለሆነ፣ ጽሑፉ ያለበት ዶሮ ከሌላው በዚህ አይለይም። በጥቂት ሳምንታት የሚያገዝፋቸው የዝርያ ምርጫና መኖው ነው።