24 ቮልት መኪና ላይ 12 ቮልት ዕቃ፦ ከአንዱ ባትሪ ብቻ አትሳቡ

አሮጌ ሲኖትራክ ወይም ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ለቤተሰብ ማደሪያ ከሚያሰናዱት ዘንድ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ 12 ቮልት ፍሪጅ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ላይ ብቻ ቢታሰር ምን ችግር አለው? እሱን ብቻ እናጥራ።

የመኪናው ሁለት ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 12 ቮልት ናቸው፤ በተከታታይ ሲታሰሩ 24 ይሆናሉ። ስለዚህ ፍሪጁን ከአንዱ ላይ ማሰር ትክክል ይመስላል። ይሠራልም። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው።

ባትሪዎቹን የሚሞላው ዲናሞ የሚቆጣጠረው የሁለቱን ድምር ነው፤ 28 ቮልት ገደማ፣ ለእያንዳንዱ 14 እንዲደርስ። አንዱ በፍሪጅ ደክሞ 13 ላይ ሲቀር ሌላው 15 ይደርሰዋል። ድምሩ ያው 28 ስለሆነ ዳሽቦርዱ ምንም አይነግራችሁም። የደከመው ባትሪ የውስጥ ሳህኖቹ በሰልፌት፣ ማለትም ኃይል እንዳይዙ በሚያደርግ ቅርፊት፣ ይሸፈናሉ፤ የበዛበት ደግሞ እየፈላ ውሃውን ይጨርሳል። በደብረ ማርቆስ የማለዳ ብርድ ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም ሲል፣ የሚለወጡት ሁለቱም ባትሪዎች ናቸው። ይህ ሁሉ ወጪ በአንድ ገመድ ምክንያት መሆኑ በጣም ያስቆጫል።

መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው። መግቢያው ከሁለቱ ባትሪዎች ጫፍና ጫፍ ይያዝ፤ ፊውዙ ፖዘቲቩ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ ይሁን። 60 ዋት ፍሪጅ በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል፤ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚፈልግ ባለ 20 አምፔሩ ኮንቨርተር ይሻላል።

እስካሁን ያለው ለማንኛውም ባለ 24 ቮልት መኪና ይሠራል። እንደ አጠቃቀማችሁ የሚለያየው ይህ ነው፦ ጣና ዳር ሞተር አጥፍቶ ለሚያድር ሰው ኮንቨርተር ብቻውን አይበቃም፤ የማስነሻ ባትሪዎቹን እንዳይጨርስ ለማደሪያው ክፍል ዕቃዎች የተለየ ባትሪ ያስፈልገዋል።