የሞድ ሙከራ ሰርቨር ላይ ማን ይግባ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ የጌም ሞድ (በጌሙ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ) ከሠሪዎቹ ኮምፒውተር ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሙከራ ሲቀርብ፣ የቡድኑ ሐሳብ ሁሉ ሞዱ ይሠራል አይሠራም በሚለው ላይ ነው። ማን እንደሚገባ፣ በየትኛው እትም እንደሚገባ፣ አስቸጋሪ ሰው ሲመጣ እንዴት እንደሚወጣ የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ከታች ያሉት በሞድ ሠሪዎች ዘንድ ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከማይንክራፍት ጃቫ እትም የመጡ ናቸው፤ በትምህርተ ጥቅስ የተቀመጡት የቅንብር ስሞችም «ሰርቨር ዶት ፕሮፐርቲስ» በሚባለው የሰርቨሩ ዋና ፋይል ውስጥ ይገኛሉ። የሶርስ ኢንጂን (የቫልቭ ኩባንያ የጌም መሥሪያ) ጌሞች የሚለዩበት ቦታ ላይ ለብቻው ተጠቅሷል።

«አድራሻውን ለማንም ካልነገርን ማንም አያገኘውም»

ያገኘዋል። የማይንክራፍት ሰርቨር በተለምዶ ፖርት (ግንኙነት የሚቀበልበት የበር ቁጥር) 25565 ላይ፣ የሶርስ ጌሞች ሰርቨር ደግሞ 27015 ላይ እንደሚያዳምጥ የማያውቅ የለም። የአይፒ ቪ4 አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በፈረንጆቹ 2013 ይፋ የሆነው ዜድማፕ የተባለ መሣሪያ፣ ጊጋቢት መስመር ባለው አንድ ኮምፒውተር አንድን ፖርት በመላው ኢንተርኔት ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማሰስ ይችል ነበር። ፖርቱን መቀየር ግርግሩን ይቀንሳል እንጂ ጥበቃ አይሆንም።

ከመገኘቱ ይበልጥ የሚረሳው ሰርቨሩ ሲገኝ የሚናገረው ነገር ነው። ገና ላልገባ ለማንም ጠያቂ መግለጫውን፣ እትሙን፣ የተጫዋቾቹን ቁጥርና የአንዳንዶቹን ስም ይመልሳል። ፎርጅ (ሞዶችን የሚያስነሣ መሣሪያ) ከተጫነበት የሞዶቹንም ዝርዝር ያክልበታል። ስሞቹን ለመደበቅ «ሃይድ ኦንላይን ፕሌየርስ»ን ትሩ (አዎ) አድርጉ፤ ገና ይፋ ያልሆነ ነገርም በመግለጫው ላይ አትጻፉ።

«ለሁሉም አንድ ፓስወርድ መስጠት ይበቃል»

የጋራ ፓስወርድ ማን አሳልፎ እንደሰጠው አይነግርም፤ አንድን ሰው ነጥሎ ለማስወጣትም አያስችልም። ስትቀይሩት አዲሱ የሚደርሰው ለዚያው ቡድን ነው፣ አሳልፎ የሰጠውም ሰው እዚያው መካከላቸው አለ። በሶርስ ጌሞች «ኤስቪ ፓስወርድ» ለአንድ ምሽት ሙከራ አይከፋም፣ በየሙከራው እስከተቀየረ ድረስ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ፦ ሶርስ ቲቪ ከተከፈተ ተመልካቾች የሚገቡት በሌላ ፖርት፣ በተለምዶ በ27020 ነው፤ የራሱም «ቲቪ ፓስወርድ» አለው። እሱ ባዶ ከሆነ ዋናው ፓስወርድ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ማንም የውጭ ሰው ሙከራውን በ30 ሰከንድ መዘግየት ቁጭ ብሎ ያያል።

የሚሻለው ፈቃዱን ከየሰዉ አካውንት ጋር ማሰር ነው። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የጌም ስሙን፣ የአካውንቱን ቋሚ መለያ፣ የገባበትን ቀን፣ የተሰጠውን እትምና የጋበዘውን የቡድን አባል መዝግቡ። ሰውየው ስሙን ሊቀይር ስለሚችል (ማይንክራፍት በየ30 ቀኑ ይፈቅዳል) ሊታመን የሚገባው ቋሚ መለያው ነው።

«ዋይትሊስቱ በርቷል፤ እንግዲህ ተዘግቷል»

ከሁሉም አሳሳቹ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ዋይትሊስት፣ ማለትም መግባት የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር፣ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚያልፉበት መንገዶች ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ «ኦንላይን ሞድ»ን ተመልከቱ። ፎልስ (አይ) ከሆነ ሰርቨሩ የሚገባው ሰው በእርግጥ የአካውንቱ ባለቤት መሆኑን አያጣራም፤ መለያውን የሚያሰላው ከተጻፈው ስም ብቻ ነው። የአድሚኑን ስም የሚያውቅ ሰው ያንን ስም ጽፎ አድሚን ሆኖ ይገባል። ማን እንዲህ ያደርጋል ቢባል፣ ሞድ ሠሪዎች ናቸው። ሞዱ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ጌሙ የሚነሣው «ዴቭ» ወይም «ፕሌየር» ከቁጥር ጋር በሚል የይስሙላ ስም ስለሆነ፣ ሁለት ክላየንት (በተጫዋቹ በኩል ያለውን ጌም) ከፍቶ ለመሞከር ማጣሪያው መጥፋት አለበት። ችግሩ የሚመጣው ያ የቅንብር ፋይል ሳይታይ ወደ ሕዝብ ሰርቨር ሲገለበጥ ነው። የሕዝብ ሰርቨሩ ቅንብር ከባዶ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ዋይትሊስትን ማብራት አስቀድሞ የገባን ሰው አያስወጣም። ለዚህ «ኢንፎርስ ዋይትሊስት» ትሩ መሆን አለበት፤ ያኔ ዝርዝሩ እንደገና ሲነበብ ወይም አንድ ሰው ከዝርዝሩ ሲወጣ ሰርቨሩ ያባርረዋል። ዝርዝሩን ፋይሉ ላይ በእጅ ካስተካከላችሁ «ዋይትሊስት ሪሎድ» የሚለውን ትእዛዝ ሳትሰጡ ለውጡ አይታወቅም። በእጅ ስትጽፉ ስሙ ትክክል ሆኖ መለያው ከተሳሳተም ሰውየው አይገባም፤ «ዋይትሊስት አድ» ብሎ በትእዛዝ መጨመር ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ሦስተኛ፣ ኦፕ የተደረገ (የአስተዳዳሪ ትእዛዞች የተፈቀዱለት) ሰው በዋይትሊስት ላይ ባይኖርም ይገባል። አንድን ሞካሪ ስታስወጡ ሁለቱንም ዝርዝር ካላያችሁ በማግስቱ ተመልሶ ታገኙታላችሁ።

አራተኛው ፕሮክሲ (ተጫዋቾችን ተቀብሎ ወደ ኋላው ሰርቨር የሚያስተላልፍ መካከለኛ) ለሚጠቀሙ ነው። ከቬሎሲቲ ወይም ከባንጂኮርድ ጀርባ ያለው ሰርቨር «ኦንላይን ሞድ»ን አጥፍቶ የሚሠራው፣ ማጣራቱን ፕሮክሲው ስለሚያደርግለት ነው። የኋላው ሰርቨር ፖርት ለዓለም ክፍት ከተተወ ግን ፕሮክሲውን ዘሎ በቀጥታ የሚመጣ ሰው የፈለገውን ስም ይዞ ይገባል፤ በሩን ቆልፎ ጓሮውን ክፍት መተው ማለት ይህ ነው። ፋየርዎሉ ያንን ፖርት ከፕሮክሲው አድራሻ ለሚመጣ ብቻ ይፍቀድ። ቬሎሲቲ ላይ ዘመናዊውን የማስተላለፊያ ዘዴ ከምሥጢር ቁልፉ ጋር መጠቀምም ተጨማሪ ዋስትና ነው።

ከዚህ ሌላ፣ ዋይትሊስት የትራፊክ ጥቃትን አይከላከልም። ማጣሪያው የሚሠራው ግንኙነቱ ሰርቨሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ መስመሩን የሚሞላ ጥቃት ስም እስኪጠየቅ አይጠብቅም።

«በአይፒ ካገድነው ተገላገልነው»

ብዙ የሞባይልና የቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎች በርካታ ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አይፒ አድራሻ ያወጣሉ፤ በውስጥ በኩል ለዚህ የተመደበው ክልል ከ100.64.0.0 ይጀምራል። ስለዚህ አንድ አድራሻ ስታግዱ ምንም ያላጠፉ ሰዎች ሊታገዱ ይችላሉ፤ ያጠፋው ሰው ግን ራውተሩን አጥፍቶ በማብራት ወይም ቪፒኤን በመክፈት ይመለሳል። እገዳው በአካውንት ይሁን። የአይፒ እገዳ ጥቃት እየተካሄደ ላለበት ሰዓት ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው፤ ሲበርድ ይነሣ።

«ስህተቱን በድጋሚ ለማሳየት ሞካሪው ኦፕ መሆን አለበት»

ኦፕ አራት ደረጃ አለው። በሁለተኛው ዕቃ መስጠት፣ ቦታ መዝለልና የጨዋታ ዓይነት መቀየር ይቻላል፤ በሦስተኛው ሰው ማባረር፣ ማገድና ሌላውን ኦፕ ማድረግ፤ በአራተኛው ሰርቨሩን ራሱን ማጥፋት። የ«ኦፕ ፐርሚሽን ሌቭል» መነሻ ዋጋ 4 ስለሆነ፣ ምንም ሳይቀየር ኦፕ የተደረገ ሞካሪ በአንድ ትእዛዝ ሰርቨሩን ሊያቆም ይችላል። ግድ ካስፈለገ ወደ 2 ዝቅ አድርጉት።

የሚሻለው ግን ኦፕን ጨርሶ አለመስጠት ነው። በትእዛዝ የተገኘ ዕቃ ከገባበት በኋላ የሚቀርብ የስህተት ሪፖርት ዋጋው ይወርዳል፤ ስህተቱ ከሞዱ ይሁን ከትእዛዙ መለየት ያስቸግራልና። ሞካሪው የሚፈልጋቸውን ሁለት ሦስት ትእዛዞች ብቻ ላክፐርምስ በተባለው የፈቃድ መቆጣጠሪያ ፍቀዱለት፣ ወይም ትእዛዝ የሚፈቀድበት ሁለተኛ ትንሽ ሰርቨር ለብቻ አቁሙ።

አርኮን ላይ ደግሞ ድርድር የለም። በተለምዶ 25575 ላይ የሚያዳምጠው ይህ የርቀት መቆጣጠሪያ ፓስወርዱን ሳያመሰጥር ነው የሚልከው። ፖርቱ በፋየርዎል ይዘጋ፤ መጠቀም ያለበት ሰው በኤስኤስኤች ዋሻ (በተመሰጠረ ግንኙነት) በኩል ይምጣ።

«የማስተካከያ ቁልፉን ከሞካሪዎች ደብቀነዋል፤ ሊጠቀሙበት አይችሉም»

ሠሪዎቹ ስህተት ለመፈለግ ያስገቡት ቁልፍ ቢደበቅም አልተከለከለም፤ የተደበቀ ቁልፍ የተከለከለ ቁልፍ አይደለም። ክላየንቱ በሞካሪው ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ነው፤ ከፍቶ አይቶ ተመሳሳዩን ፓኬት (ወደ ሰርቨሩ የሚሄድ መልእክት) ራሱ መላክ ይችላል። ሞዶች ላይ በብዛት የሚታየው ስህተትም ይኸው ነው፤ «ይህን ዕቃ ስጠኝ» የሚል የማስተካከያ ፓኬት በሕዝብ እትሙ ውስጥ ይቀራል፣ ሰርቨሩም ላኪው መብት እንዳለው ሳይጠይቅ ይቀበላል።

የፓኬት መቀበያውን ስትጽፉ ላኪውን ከግንኙነቱ ራሱ ውሰዱ፤ ፓኬቱ ውስጥ የተጻፈውን የተጫዋች መለያ አትመኑ፣ ማንም የሌላውን ሊጽፍ ይችላልና። ቀጥሎ የላኪውን የመብት ደረጃ፣ ከሚነካው ነገር ያለውን ርቀት፣ የጠየቀው ብዛት ከሚቻለው አለማለፉንና ያ የዓለሙ ክፍል ሰርቨሩ ላይ የተጫነ መሆኑን አጣሩ። ዓለሙን የሚቀይረው ሥራ ደግሞ በሰርቨሩ ዋና ክር (ሥራዎች በተራ የሚካሄዱበት መስመር) ላይ እንዲካሄድ አድርጉ፤ ከኔትወርኩ ክር በቀጥታ ሲነካ አንዳንዴ ብቻ የሚከሰት፣ ለመድገም የሚያስቸግር ብልሽት ይፈጠራል።

«ብዙ ሰው ባስገባን ቁጥር ብዙ ስህተት ይገኛል»

የሚገኘው አንዱ ስህተት በብዙ ቅጂ ነው። የማይንክራፍት ሰርቨር በሰከንድ 20 ዙር ይሠራል፣ ለአንዱ ዙር ያለው ጊዜ 50 ሚሊሰከንድ ነው። አማካዩ ከዚያ ካለፈ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል፤ ሞካሪዎችም የሞዱን ስህተት ከመንቀራፈፉ መለየት ያቅታቸዋል። አንዱ ዙር 60 ሰከንድ ከፈጀ ደግሞ፣ «ማክስ ቲክ ታይም» ካልተቀየረ፣ ሰርቨሩ ራሱን ያጠፋል።

ለመጀመሪያው የሙከራ ዙር ከስምንት እስከ አሥር ሰው በቂ ነው። የእነሱ ሪፖርት ተስተካክሎ አዲስ እትም ሲወጣ ቀጣዮቹ ይጨመሩ። የፈቃድ ዝርዝሩና የቦታ ብዛቱም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው አይረሳ፤ 40 ሰው ፈቅዶ «ማክስ ፕሌየርስ»ን 15 ላይ ማቆም ይቻላል። ጭነት መፈተን ከተፈለገ ቀኑ ተለይቶ ይነገር፤ የዚያ ቀን የጨዋታ ሪፖርት ከሌላው ጋር አይቀላቀል።

«እትሙ ካልተስማማ ጌሙ ራሱ አያስገባም»

ሁልጊዜ አይደለም። ፎርጅ የሚያመሳክረው ሞዱ ያስታወቀውን የእትም ቁጥር ነው፤ ሌላው የሞድ ማስነሻ ፋብሪክ ደግሞ የተመዘገቡት ብሎኮችና ዕቃዎች መግጠማቸውን ያያል። የፓኬቱን አቀማመጥ ቀይራችሁ ቁጥሩን ካልቀየራችሁ ሞካሪው ይገባል፣ ከዚያ መሃል ላይ ይቋረጣል፣ «ሰርቨሩ አባረረኝ» ብሎም ይጽፋል። ለሕዝብ የሚወጣ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቁጥር ይኑረው።

«የሙከራ ሰርቨር ስለሆነ አፕዴትና ባክአፕ አያስፈልገውም»

በታኅሣሥ 2014፣ ማለትም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2021፣ ሎግ4ሼል የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን፣ በማይንክራፍት ቻት ላይ የተጻፈ አንድ መስመር ሰርቨሩ ላይ የባዕድ ኮድ ለማስነሣት ይበቃ ነበር። መፍትሔው በ1.18.1 ወጣ። በቆየ እትም ላይ ሞድ የምትሞክሩ ከሆነ ማስተካከያው መግባቱን አረጋግጡ፤ ሰርቨሩንም በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው) አካውንት አታስነሡ።

ባክአፕ በየአዲሱ እትም ዋዜማ ይወሰድ። የአንድ ብሎክ ስም በሞዱ ውስጥ ተቀይሮ ዓለሙ ከተከፈተና ከተቀመጠ፣ በአሮጌው ስም የነበሩት ብሎኮች ይጠፋሉ፤ ወደ ቀድሞው እትም መመለስም አያመጣቸውም። ሰርቨሩ ሳይጠፋ ለመገልበጥ ቅደም ተከተሉ «ሴቭ ኦፍ» (ማስቀመጥን ማቆም)፣ «ሴቭ ኦል ፍላሽ» (ያለውን ሁሉ ማስቀመጥ)፣ ፋይሉን መገልበጥ፣ «ሴቭ ኦን» (ማስቀመጥን እንደገና መጀመር) ነው። የመጨረሻዋ ከተረሳች፣ ሰርቨሩ ሲወድቅ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

«ሙከራው ሲያልቅ ሰርቨሩን ማጥፋት ይበቃል»

ቀሪ ነገሮች አሉ። የአርኮን ፓስወርድና የቦት ቁልፎች ይቀየሩ፣ በሆስቲንግ ፓነሉ ላይ ለረዳቶች የተከፈቱ አካውንቶች ይሰረዙ። የዲኤንኤስ ስሙም (ወደ አይፒ አድራሻው የሚመራው የሰርቨሩ ስም) ይነሣ፤ የተለቀቀው አይፒ አድራሻ ነገ ለሌላ ሰው ሲሰጥ የእናንተ ስም ወደ እሱ ሰርቨር ይመራልና። የሎግ ፋይሎቹ የገባውን ሰው ሁሉ አይፒ አድራሻ ይይዛሉ፤ ከስህተት ሪፖርት ጋር ከመያያዛቸው በፊት አድራሻዎቹ ይውጡ፣ አገልግሎታቸው ሲያበቃም ይደምሰሱ።