የእንግሊዝ ገጠር የቀን ሠራተኛ በአጥቢያ መዝገብ እንዴት ይገኛል?

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ገጠር በሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው የራሱ መሬት አልነበረውም። ኑዛዜ ትቶ የሚሞተው ከስንት አንዱ ነው። አብዛኛው ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም። እንዲህም ሆኖ የልጅ ልጆቹ ዛሬ ሁለት ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ሊያገኙት ይችላሉ። ለዚህ ባለውለታው አጥቢያው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1538 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ቀኝ እጅ የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትና የተነሱትን፣ የተጋቡትንና የተቀበሩትን እንዲመዘግብ አዘዘ። በ1598 ደግሞ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን መዝገቡ በብራና እንዲጻፍ፣ አሮጌው እንዲገለበጥ፣ በየዓመቱም አንድ ቅጂ ለጳጳሱ እንዲላክ ተወሰነ። ግልበጣው ቢያንስ ንግሥቲቱ ከነገሠችበት ከ1558 ይጀምር ስለተባለ፣ ብዙ አጥቢያዎች ከዚያ በፊት ያለውን ተዉት። ለጳጳሱ የተላከው ቅጂ ግን ስንቱን አድኗል። የመንደሩ መዝገብ በእርጥበት ቢበሰብስ ወይም አይጥ ቢበላው፣ ተመራማሪው ወደዚያ ይዞራል።

ፍለጋው ከቅርቡ ተነስቶ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ከሁሉ የሚሻለው መግቢያ የ1851 የሕዝብ ቆጠራ ነው። እድሜን፣ ከቤቱ አባወራ ጋር ያለን ዝምድናና የተወለዱበትን አጥቢያ ይናገራል። የ1841ዱ ቆጠራ እንዲህ ቸር አይደለም። ከ15 ዓመት በላይ የሆነን ሰው እድሜ በአብዛኛው በአምስት በአምስት ወደ ታች ያጠጋጋል። 40 ተብሎ የተጻፈው ሰው 44 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለ ትውልድ ቦታም እዚሁ አውራጃ ተወልዷል ወይስ አልተወለደም ከማለት ብዙም አያልፍም። መንግሥት ልደትና ሞትን ራሱ መመዝገብ የጀመረው ከጁላይ 1 ቀን 1837 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የቄሱ እጅ ነው።

ከ1813 ጀምሮ መዝገቡ በታተመ ቅጽ ላይ ይሞላ ስለነበር የአባት ሥራና መኖሪያ ይገኝበታል። ቀብር ላይም እድሜ አለ። ከ1813 በፊት ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ጆን፣ የዊልያምና የሜሪ ልጅ» የምትል አንዲት መስመር ናት። ችግሩ ደግሞ ሁሉም ሰው ጆን፣ ዊልያም ወይም ቶማስ መሆኑ ነው። የእኛ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ እዚያ ግን አንድ የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ይህ ሥራውን የሚያቀልል ይመስላል። ነገር ግን የአጎት ልጆች ሁሉ አንድ ስም ይዘው በአጎራባች መንደሮች ሲኖሩ፣ ቄሱም የሰማውን እንደመሰለው ሲጽፍ፣ አንዱን ከሌላው መለየት ፈተና ነው።

የብዙ ሰው የዘር ሐረግ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ፈላጊው ስሙና ዓመቱ የሚገጥም ሕፃን ያገኛል፤ «አገኘሁት!» ብሎ ይዘጋዋል። የቀብር መዝገቡን ግን አልከፈተም። ያ ሕፃን በስድስት ወሩ ሞቶ ከሆነ፣ የማንም ቅድመ አያት ሊሆን አይችልም። በዚያ ዘመን ሕፃናት በብዛት ይሞቱ ነበር፤ ወላጆችም የሞተውን ልጅ ስም ለሚቀጥለው ይሰጡ ነበር። ስለዚህ ቀብሩን ሳያዩ ሰው መምረጥ በፍጹም አይገባም።

ጋብቻ የተሻለ ይመሰክራል፣ በተለይ ከማርች 25 ቀን 1754 በኋላ። ከዚያ ቀን የጸናው ሕግ ጋብቻው በሦስት እሁዶች በቤተ ክርስቲያን እንዲታወጅ፣ አለዚያም በፈቃድ ወረቀት እንዲፈጸም አስገደደ። ሙሽሮቹና ምስክሮቹም ይፈርማሉ፤ መጻፍ የማይችለው የመስቀል ምልክት ያደርጋል። ምስክሩ ወንድም ወይም እህት ሊሆን ስለሚችል ስሙን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ሠርጉ ብዙ ጊዜ በሙሽራዋ አጥቢያ ስለሚሆን፣ ባልየው ከሌላ መንደር ሊሆን እንደሚችልም ማሰብ ነው።

ሰውየውን ከስም አልፎ ሰው የሚያደርገው ግን የድሆች ወረቀት ነው። በ1601 ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ድሆቹን ከነዋሪው በሚሰበስበው ግብር ይረዳ ነበር። የ1662ቱ ሕግ ደግሞ የእርዳታ መብት ያለው የአጥቢያው ሰው ብቻ ነው አለ። ይህ መብት ከአባት ይወረሳል፤ ሴት በጋብቻ የባሏን ታገኛለች። ያላገባና ልጅ የሌለው ሰው ሙሉ ዓመት ተቀጥሮ ቢያገለግል በሠራበት አጥቢያ መብት ያገኛል። ለዚህም ሲባል ሰውን ከዓመት ጥቂት ቀን አጉድለው የሚቀጥሩ ገበሬዎች ነበሩ።

ሰውየው ሲታመም ወይም ሥራ ሲያጣ «የየት ሰው ነህ?» ተብሎ ዳኞች ፊት ይቀርባል። ቃሉም ይጻፋል፦ የት ተወለደ፣ በስንት ደመወዝ ማን ዘንድ አገለገለ፣ መቼ አገባ፣ ስንት ልጅ አለው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የሕይወት ታሪኩ በራሱ አንደበት የተነገረበት ወረቀት ይህ ነው። ያልተቀበሉት እንደሆነ ከነቤተሰቡ ወደ «አገሩ» የሚመልሰው ትእዛዝ ይወጣል። ያላገባች ነፍሰ ጡር ደግሞ የልጁን አባት እንድትናገር ትጠየቃለች፤ በጥምቀት መዝገቡ የሌለ አባት በዚህ ወረቀት የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በአጥቢያው የወጪ መዝገብም ለእገሌ ጫማ፣ ለእገሊት ማገዶ፣ ለእገሌ ሬሳ ሳጥን ተብሎ ተጽፏል። ሰውየው ለአጥቢያው ወጪ በሆነ ቁጥር ታሪኩ ለእኛ ይበዛል። ችግሩ ነው ያስጻፈው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ክፍተቶችም አሉ። በ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ብዙ መዝገብ ተቋርጧል። እስከ 1752 ዓመቱ የሚለወጠው በማርች 25 ስለነበር፣ «ፌብሩዋሪ 1720» የሚለው በዛሬው አቆጣጠር 1721 ነው። ከ1783 እስከ 1794 በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ የሦስት ፔንስ ቀረጥ ነበር፤ ድሃ ግን አይከፍልም። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት እንደ ባፕቲስት ያሉ ማኅበራት የራሳቸው መዝገብ ነበራቸው። አብዛኛው ዛሬ ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ከ1754 እስከ 1837 ግን ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ማኅበር አባላትና ከአይሁድ በቀር እነሱም በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መጋባት ነበረባቸው።

የአጥቢያዎቹ አሮጌ መዝገቦች ዛሬ በአብዛኛው በየአውራጃው ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። እንደ ኤሴክስ ያሉት ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። ፋሚሊሰርች የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ በነፃ ለመፈለግ ያስችላል። ሆኖም በኢንተርኔት የሚፈለግበት የስም ማውጫ የሌላ ሰው ንባብ ነው፤ ስም ያሳስታል፣ በገጹ ዳር የተጻፈውንም ይተዋል። ስሙ እንደተገኘ የገጹን ፎቶ ከፍቶ ከላይና ከታች ያሉትን መስመሮች ጭምር ማንበብ ያስፈልጋል።