«ሻንሲው ገጠመ፣ ሞተሩ ገጠመ»፦ ስለ ጥንት የአሜሪካ መስል ካሮች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዲስ አበባ ላይ መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ሊብሬ ይወጣል፣ ኮፈን ይከፈታል፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይተያያል። ገጠመ? ገጠመ። ደላላው ኮሚሽኑን ማስላት ይጀምራል።

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ጓደኛዬም ይህንኑ ልምድ ይዞ ነው የ1970 ሸቭሮሌት ሸቬል ሊገዛ የተነሳው። ቀይ ናት። ኮፈኗ ላይ ሁለት ወፋፍራም ጥቁር መስመሮች ተጋድመዋል። ግሪሏ ላይ «ኤስ ኤስ» (ሱፐር ስፖርት፣ የሸቬል ጉልበተኛዋ ዓይነት) የሚል አርማ አለ። ሻጩ የጠራው ዋጋ ተራ ሸቬል ከሚያወጣው በእጥፍ ይበልጣል። «ቁጥሩ ሁሉ ይገጥማል» አለኝ በስልክ። «ከምን ጋር?» አልኩት። ዝም አለ።

ለማያውቅ ሰው፣ መስል ካር የሚባሉት በ1960ዎቹ አጋማሽና በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖች ባለሁለት በር መኪና ውስጥ ትልቅ ቪ8 ሞተር ጠቅጥቀው የሸጧቸው ናቸው። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ያኔ ለወጣት ነበር የሚሠሩት። ኋላ ግን፣ በ2014 ሲያትል ላይ አንድ የ1971 ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳ ኮንቨርቲብል በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ባለበት ደግሞ ፎርጅድ አይጠፋም።

«አርማው ላይ ኤስ ኤስ ይላል እኮ»

አርማው በካታሎግ ይሸጣል። መስመሩም፣ ኮፈኑም፣ መቀመጫውም፣ ቸርኬውም እንዲሁ። ቅዳሜና እሁድ የሚበቃ ሥራ ነው። ወደሚቀጥለው እንለፍ።

«ቪን ቁጥሩ ሁሉንም ይናገራል»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ቪን እኛ የሻንሲ ቁጥር የምንለው ነው። ዛሬ የምናውቀው ባለ17 አሃዝ ቪን አሜሪካ ውስጥ ደንብ የሆነው በ1981 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ቋንቋ ነበር የሚጽፈው። አንዱ ለፍላፊ ነው፣ ሌላው ዝምተኛ።

ክራይስለርና ፎርድ ለፍላፊዎቹ ናቸው። በ1970 የክራይስለር ዶጅ ወይም ፕሊመዝ ቪን አምስተኛው ቦታ ላይ «አር» ካለ፣ መኪናው ከፋብሪካ የወጣው 426 ሄሚ በሚባለው ጉልበተኛ ሞተር ነው። የ1969 ፎርድ ሙስታንግ አምስተኛ ፊደሉ «ዜድ» ከሆነ ቦስ 429 የሚባለው ጉልበተኛ ሞዴል ነው። ሄሚ ነው የተባለ መኪና እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ፊደል ካለው ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ሻይ ጠጥቶ መመለስ ነው።

ሸቭሮሌት ግን ዝምተኛ ነው። የጓደኛዬ ሸቬል ቁጥር በ13637 ይጀምራል። ትርጉሙ ሸቭሮሌት፣ ማሊቡ (አንዱ የሸቬል ዓይነት)፣ ቪ8፣ ባለሁለት በር። በቃ። በ1970 ኤስ ኤስ ራሱን የቻለ ሞዴል አልነበረም፤ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚታዘዝ ፓኬጅ ነበር። እውነተኛዋ ኤስ ኤስም፣ የጎረቤት አስተማሪ ሥራ ትሄድባት የነበረችው ማሊቡም እኩል በ13637 ይጀምራሉ። ሻጩ ክሩስኮቱ ላይ ያለውን ቪን በጣቱ እያሳየ «ይኸው፣ ኤስ ኤስ ናት» ሲል ሆን ብሎ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ከ1966 እስከ 1968 ባለው ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር፤ ያኔ ኤስ ኤስ 396 በ138 የሚጀምር የራሱ ቁጥር ነበረው።

ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ ደግሞ ጠባዩ እንደ ዓመቱ ይለዋወጣል። በ1964 እና በ1965 ፓኬጅ ስለነበር ቪኑ ውስጥ አይታይም። ከ1966 እስከ 1971 ቁጥሩ በ242 ይጀምራል። በ1972 ተመልሶ ፓኬጅ ሆነ። የ1969 ሸቭሮሌት ካማሮ ዜድ/28 ፓኬጅም ቪኑ ላይ የለም። ኖርዉድ፣ ኦሃዮ ውስጥ ከ1968 መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት ግን ኮፈን ስር ያለችው የቦዲ ፕሌት ላይ «ኤክስ 33» ወይም «ኤክስ 77» የሚል ኮድ አላቸው። ሎስ አንጀለስ የተሠሩት እሱም የላቸውም። ካሊፎርኒያ ላይ ዜድ/28 የምትገዛ ካለህ ወረቀት ፈልግ።

«ሞተሩ ከገጠመ አለቀ»

ፈረንጆቹ «ናምበርስ ማቺንግ» ይሉታል። ጂ ኤም (የሸቭሮሌትና የፖንቲያክ እናት ኩባንያ) ያኔ የቪኑን የመጨረሻ አሃዞች ሞተሩ ብሎክ ላይ ያትም ነበር። ብሎኩ ላይ ያለው ከመኪናው ቪን ጋር ከገጠመ ሞተሩ አብሮት የወጣ ነው ይባላል። ችግሩ ቁጥሩ የሚታተመው በመዶሻ ምት መሆኑ ነው። መዶሻ ደግሞ የሌለበት ጋራዥ የለም።

አብረን ሄድን። የእጅ ባትሪ፣ ጨርቅና ትንሽ ቅባት ማስለቀቂያ ይዣለሁ። የሸቬሏ ሞተር ቁጥር ያለው በቀኝ በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ባለች ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። ቅባቱን ጠረግኩት። ቁጥሩ ወጣ። ከቪኑ ጋር አንድ ነው። «አየህ!» አለ ጓደኛዬ።

ባትሪውን አጋድሜ ከጎን አበራሁበት። ፋብሪካው ያንን ገጽ ሲያስተካክል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ይተዋል፣ በማበጠሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። እዚህ ግን ያሉት ክብ ክብ የመፋቂያ ጭረቶች ናቸው። ሻጩ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ጭረት ብቻውን አይፈርድም። መኪናዋ ስር ገባሁ። ብሎኩ ሲፈስ አብሮ የተቀረጸ፣ ከብረቱ ጎላ ብሎ የወጣ ቀን አለ። ፊደሉ ወሩ ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄዳል። ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያ የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ ይመጣል። የዚህኛው «ኤፍ 9 0» ይላል፦ ጁን 9፣ 1970። የቦዲ ፕሌቷ ደግሞ «03 ቢ» ትላለች፣ ማርች፣ ሁለተኛ ሳምንት። ሞተሩ መኪናዋ ከተሠራች ከሦስት ወር በኋላ የፈሰሰ ብረት ነው። እናት ከልጇ በኋላ ተወለደች እንደማለት።

አስመሳዩ ፊት ለፊት የሚታየውን ቁጥር አሳምሮ መትቶታል፣ ስር ያለውን ግን አላየውም። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ቁጥሮች መመሳሰላቸውን አይቶ አይቆምም። ቅደም ተከተላቸውን ያያል። ካምቢዮው፣ ዲናሞው፣ መስታወቱ ሳይቀር የራሱ ቀን አለው። ሁሉም ከመኪናዋ ልደት ትንሽ መቅደም አለባቸው።

«ሞተሩ ላይ ቁጥር ከሌለ ሻጩ ሌባ ነው»

ይሄኛው ደግሞ በተቃራኒው ነው። እነዚህ መኪኖች ለጉልበት የተሠሩ ናቸው፣ ባለቤቶቻቸውም አልራሩላቸውም። ሞተር ይፈነዳል፣ ሌላ ይገጠማል። ወይም ሪቲፊካ ቤት ብሎኩን ሲልገው ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል። ማንም ማንንም አላታለለም። ዋጋው ይወርዳል፣ ግን መኪናው መኪና ነው። እኔ ብሆን ቁጥር የሌለውን ሐቀኛ ብሎክ አዲስ ከተመታበት እመርጣለሁ።

«ፋብሪካው መዝገብ ይኖረዋል፣ ይጠየቃል»

እንደ ፋብሪካው ነው። ፖንቲያክ ዕድለኛ ነው። ከ1961 ጀምሮ እስከ 1986 ያሉት መዝገቦች ተርፈዋል፤ ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የሚባል ድርጅት ቪኑን ሰጥተኸው ከፍለህ መኪናው ሲወጣ ምን እንደተገጠመበት የሚያሳይ ቅጂ ይልክልሃል። የፎርድን ከ1967 ወዲህ ያለውን መረጃ ደግሞ ማርቲ የሚባለው ድርጅት ይዞታል። «ማርቲ ሪፖርት» የሌለው ውድ ሙስታንግ ሲቀርብልህ፣ ለምን የለውም ብለህ ጠይቅ። ዋጋው ከአንድ ምሳ ብዙም አይርቅም።

የክራይስለር የፋብሪካ መዝገብ ከ1968 ወዲህ የለም፣ ማለትም ሰው በጣም በሚፈልጋቸው ዓመታት ላይ ይቋረጣል። የሸቭሮሌት ደግሞ የባሰ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እዚያው የተሸጠ ሸቬል ወይም ካማሮ ላይ ኤስ ኤስ መሆኑን የሚመሰክር የፋብሪካ መዝገብ አታገኝም። ወደ ካናዳ የተላኩት ብቻ ናቸው የተረፉት፣ የጂ ኤም ካናዳ መዝገብ አለና።

«ወረቀት አለው»

ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞች የሚከተሉት «ቢልድ ሺት» የሚባል የሥራ ወረቀት ነበር። ሥራቸውን ሲጨርሱ ብዙ ጊዜ የትም ወሽቀውት ይሄዳሉ። ከኋላ መቀመጫ ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከሰልባትዮው በላይ፣ ምንጣፍ ስር ይገኛል። ሲገኝ ደስ ይላል፤ ግን መጀመሪያ ቪኑን አንብብ። የጎረቤት መኪና ወረቀት የተወሸቀበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ከዚያ ባሻገር ባዶ ቅጂዎች ይታተማሉ፣ ወረቀትን ሻይ ውስጥ ነክሮ ማስረጀትም ለማንም አይከብድም። የአይጥ ሽንትና የስፕሪንግ ዝገት ያለበት ወረቀት የበለጠ ያሳምነኛል። አይጥ ለገንዘብ አትሠራም።

«አዲስ ቀለም የተቀባው የተሻለ ነው»

እኛ «ኦሪጅናል» ስንል ቻይና ያልሆነ ማለታችን ነው። በዚህ ዓለም ግን ቃሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ ማንም ያልነካው ማለት ነው። የሚያብረቀርቅ መኪና ብዙ ጊዜ ኦሪጅናል አይደለም፤ ታድሷል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ፓራፋንጎው ላይ አስጠጋው። ካልያዘ ስሩ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው።

በጃንዋሪ 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ፊልም ላይ የነዳት የ1968 ሙስታንግ በ3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ዋጋ የፊልሙ ነው። ግን ቀለሟ ደብዝዞ፣ ዝገት ነክቷት፣ ሳትታደስ ነው የቀረበችው። ብትቀባ ኖሮ ያቺው ራሷ መሆኗን የሚመሰክረው ምልክት ሁሉ ስቱኮ ስር በቀረ ነበር።

«ክሎን ሁሉ ማጭበርበር ነው»

ማሊቡን አስውቦ ኤስ ኤስ ማስመሰል ወንጀል አይደለም። «ክሎን ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሐቀኛ ነው። ወንጀሉ ሌላ ቦታ ነው፤ የተጋጨ ውድ መኪና ቪን ፕሌት ነቅሎ ጤነኛ ቦዲ ላይ መምታት አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ መኪናውም ሊወረስብህ ይችላል። ጂ ኤም ከ1965 ጀምሮ ፕሌቱን የሚመታው ስድስት ቅጠል ያለው አበባ በሚመስል ሪቬት ነበር። ተራ ክብ ሪቬት ካየህ ኪስህን ያዝ። አበባውም የሚሸጥ መሆኑን ግን አትርሳ።

ጓደኛዬ የማሊቡ ዋጋ አቀረበ። ሻጩ ሳቀበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሱ ደወለ። አሁን መኪናዋ የጓደኛዬ ናት፤ ለጠየቀው ሁሉ «ማሊቡ ናት» ይላል። አርማውን ግን አልነቀለውም። ያምርባታል።