ኤለን ዉድ እና «ኢስት ሊን»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ልብ ወለድ መጀመሪያ የሚነበበው በመጽሔት ላይ፣ በየወሩ እየተቆነጠረ ነበር። በዚያ ገበያ ከነገሡት ሴቶች አንዷ በ1814 በዉስተር ከተማ ከጓንት አምራች ቤተሰብ የተወለደችው ኤለን ዉድ ናት። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሟን ያስጠራው «ኢስት ሊን» ከጃንዋሪ 1860 ጀምሮ በ«ኒው መንዝሊ ማጋዚን» በተከታታይ ወጥቶ በ1861 በሦስት ቅጽ ታተመ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። እመቤት ኢዛቤል ቅን ጠበቃ ባሏንና ልጆቿን ትታ ከአንድ ወስላታ ጋር ትኮበልላለች። ሰውዬው ይከዳታል። የባቡር አደጋ መልኳን አበላሽቶት፣ ሞታለች ተብሎ ተለቅሶላት፣ ስሟን ቀይራ ወደ ገዛ ቤቷ ትመለሳለች፤ የምትገባው ግን የልጆቿ አስተማሪ ሆና ተቀጥራ ነው። ባሏ ሌላ አግብቷል።

ስለ መጽሐፉም ስለ ደራሲዋም የሚወራው ብዙ ነው። አብዛኛው ከንባብ የመጣ አይመስለኝም።

«ዝነኛው መስመር ‹ሞተ! አንድ ቀን እንኳን እናቴ ብሎ ሳይጠራኝ!› የሚለው ነው»

መስመሩ ዝነኛ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን የለም። የመጣው ከመድረክ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውም ቲ. ኤ. ፓልመር በ1874 ካዘጋጀው ተውኔት ነው። በወቅቱ የእንግሊዝ ሕግ የታተመን ልብ ወለድ ማንም ወደ ተውኔት እንዳይለውጥ አይከለክልም ነበር። ስለዚህ «ኢስት ሊን» በ1860ዎቹ በኒው ዮርክና በለንደን፣ ከዚያም በየከተማው በተለያየ ቅጂ ታየ። ቲያትር ቤቶች በእንባ ሲሞሉ ደራሲዋ ከዚያ ገቢ የሚደርሳት ድርሻ አልነበረም።

መጽሐፉን ገልጦ ያንኑ ትዕይንት ያነበበ ሰው የሚያገኘው የጩኸቱን ተቃራኒ ነው። የኢዛቤል ልጅ ትንሹ ዊልያም ሊሞት ሲያጣጥር ስለ መንግሥተ ሰማያት ይጠይቃታል፤ እናቱ እዚያ ትኖር እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። የሚጠይቃት ራሷን እናቱን እንደሆነ አያውቅም። አባትየው ወደ ክፍሉ ሲገባ ኢዛቤል በአልጋው አጠገብ ተንበርክካ ፊቷን አልጋ ልብሱ ውስጥ ቀብራለች፤ ሲቃዋ እንዳይሰማባት የአልጋ ልብሱን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች። የልጁ እናትና አባት በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ እርሷ ግን አንዲት የማጽናኛ ቃል መስጠትም መቀበልም አትችልም። ድምፅ ካወጣች ማንነቷ ይታወቃል። መድረክ ይህን ዝምታ ሊሸከም አልቻለም፤ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠው ተመልካች የሚሰማ ነገር አስፈለገው። እኔን ከጠየቃችሁኝ በጨርቅ የታፈነው አፍ ከጩኸቱ ይልቅ አንጀት ይበላል። ዉድን «የለቅሶ ደራሲ» እያሉ የሚያሾፉባት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያሾፉት እርሷ ባልጻፈችው ዓረፍተ ነገር ነው።

«የፍቅር ታሪክ ብቻ ነው»

መጽሐፉ የሚጀምረውና የሚያልቀው በፍቅርና በትዳር ነው፤ መሀል ለመሀል ግን የግድያ ምርመራ ያልፍበታል። ሃሊጆን የተባለ ሰው በጥይት ተገድሏል፤ የጎረቤት ልጅ ሪቻርድ ሄር ባልሠራው ወንጀል ተፈርጆ ይሸሻል፤ እውነተኛው ገዳይ ማን እንደሆነ የሚገለጠው ቀስ በቀስ ነው። ሁለቱ ታሪኮች የተገመዱትም እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። ጠበቃው ባል ስለ ሪቻርድ ለመነጋገር ከሪቻርድ እህት ከባርባራ ጋር በድብቅ ሲገናኝ ሚስቱ ትቀናለች፤ ምስጢሩ የደንበኛ ስለሆነ አይነግራትም፤ ቅናቱም ለኩብለላው በር ይከፍታል። ወር ሙሉ የሚጠብቅን አንባቢ ይዞ ለማቆየት እንዲህ ያለ ሁለት ገመድ ያስፈልጋል።

«አሳታሚዎች ወዲያው ተሻሙበት»

በተቃራኒው ነው። ቻፕማን ኤንድ ሆል የተባለው አሳታሚ በረቂቅ ገምጋሚው፣ በደራሲው ጆርጅ ሜሬዲት፣ ምክር አልፈልግም አለ። ስሚዝ ኤልደርም መለሰው። በመጨረሻ የተቀበለው ሪቻርድ ቤንትሊ ነው። «ዘ ታይምስ» በጃንዋሪ 1862 በጎ ግምገማ ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልጨምር። ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ በጊዜው 31 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ይሸጥ ነበር። በለንደን የታወቀው የመዲ አከራይ ቤተ መጻሕፍት ዓመታዊ ክፍያ ደግሞ አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሺልንግ ነበር። አንድ መጽሐፍ ከመግዛት ዓመቱን ሙሉ እየተዋሱ ማንበብ ይረክሳል። መጽሐፍ ተከራይቶ ያነበበ የአዲስ አበባ አንባቢ ሒሳቡ አይጠፋውም።

«‹ሚስስ ሄንሪ ዉድ› ተብላ መፈረሟ የባሏ ጥላ መሆኗን ያሳያል»

የዘመኑ ብዙ ሴቶች የወንድ ስም ተውሰው ሲጽፉ እርሷ የባለትዳር ማዕረጓን ሽፋኑ ላይ አተመች። ቤተሰብ አብሮ የሚያነበውን ልብ ወለድ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የተሻለ የንግድ ምልክት አይገኝም። ወላጅ ስሙን አይቶ መጽሐፉን ሳሎን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ውስጡ ኩብለላና ግድያ እንዳለ የሚያውቀው በኋላ ነው።

ጥገኝነቱ ያለው በሕጉ ላይ ነው። እስከ 1870 ድረስ ያገባች ሴት የምታገኘው ገቢ በሕግ የባሏ ንብረት ነበር። «ኢስት ሊን» ሲታተም የደራሲዋ ድካም ዋጋ በወረቀት ላይ የሄንሪ ዉድ ነበር ማለት ነው። ሄንሪ በ1866 ሞተ። በዓመቱ፣ በ1867፣ መበለቲቱ የራሷን መጽሔት ገዛች።

«አርታኢ የሆነችው ለስም ነው»

የገዛችው መጽሔት «አርጎሲ» ይባላል። ከአንድ ዓመት በፊት የቻርልስ ሪድን «ግሪፊዝ ጎንት» የተባለ ልብ ወለድ በማውጣቱ ብልግና አሰራጨ ተብሎ ስሙ ጠፍቶ ነበር። ስሙ የጎደፈ መጽሔት ገዝቶ ለቤተሰብ የሚሆን ማድረግ ድፍረትም ስሌትም ይጠይቃል። ዉድ አርታኢም ዋና ጸሐፊም ሆና እስከ ሞቷ፣ እስከ 1887፣ መራችው። ይህን ሁሉ የሠራችው ከልጅነቷ ጀምሮ በአከርካሪ መጉበጥ የምትሠቃይ፣ በወንበር ተንጋልላ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የምትጽፍ ሴት ናት።

ከሁሉ የምወድላት ብልሃቷ ግን ጆኒ ላድሎ ነው። ከ1868 ጀምሮ «አርጎሲ» ላይ በዉስተርሻየር ገጠር በአንድ ባለርስት ቤት የሚያድግ ልጅ የሚተርካቸው አጫጭር ታሪኮች መውጣት ጀመሩ። የደራሲዋ ስም አልተጻፈም። በ1874 ተሰብስበው ሲታተሙም ሽፋኑ ላይ ያለው «ጆኒ ላድሎ» ነው። የሚስስ ሄንሪ ዉድን መጻሕፍት የናቁ ተቺዎች እነዚህን ታሪኮች አመሰገኑ። እርሷም ዝም ብላ አስመሰገነቻቸው፤ የእኔ ናቸው ያለችው ከዓመታት በኋላ ነው።

«ሴቶችን ለማስፈራራት የጻፈች ናት»

ይህ ግማሽ እውነት አለው። ተራኪዋ ታሪኩን አቋርጣ ሚስቶችንና እናቶችን በቀጥታ ታናግራለች፤ ትዳር ምንም ቢከብድ ቤታችሁን አትልቀቁ ትላለች። የፖለቲካ አቋሟም ወግ አጥባቂ ነበር። በ1857 የወጣው የፍቺ ሕግ ባል ሚስቱን በዝሙት ብቻ እንዲፈታ ሲፈቅድ ሚስት ግን ከዝሙቱ ሌላ ጭካኔን የመሰለ ተጨማሪ በደል እንድታስረዳ ያስገድድ ነበር፤ ዉድ በዚህ ላይ ስትሟገት አናያትም።

ነገር ግን ያው መጽሐፍ ኢዛቤል በገዛ ቤቷ ባዕድ የሆነችበትን ምክንያት አይደብቅም። የባሏ ታላቅ እህት ኮርኔሊያ አብራቸው ገብታ ቤቱን በእጇ ታደርጋለች፤ ለእያንዳንዱ ወጪ ትነጫነጫለች። ባል ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን በቤቱ የሚሆነውን እንዲያይ አላደረገውም። አንባቢ የሚያለቅሰው ለኃጢአተኛዋ እንጂ ባሏን አግብታ ወንበሯን ለወረሰችው ለጨዋዋ ባርባራ አይደለም። ስብከቱና እንባው ለየብቻቸው ይሄዳሉ፤ አንባቢዎቿም እንባውን ተከተሉ።

«ከእንግሊዝ ያልወጣች ደራሲ ናት»

«ኢስት ሊን» በሆሊዉድ ተሠርቶ የ1931ዱ ፊልም ለኦስካር የምርጥ ፊልም ሽልማት ታጭቷል። የበለጠ የሚገርመው የመጀመሪያው ልብ ወለዷ፣ በስኮትላንድ የመጠጥ ተቃዋሚዎች ማኅበር ውድድር 100 ፓውንድ ያሸለማት «ዴንስበሪ ሃውስ» የሄደበት መንገድ ነው። ኤስ. ኤስ. ቫሳን የተባለ በሕንድ የማድራስ ከተማ አሳታሚ ከእርሱ ተነሥቶ በታሚል ቋንቋ ልብ ወለድ ጻፈ፤ በመጽሔትም በተከታታይ ወጣ። ከዚያ በ1936 «ሳቲ ሊላቫቲ» የተሰኘ ፊልም ተሠራ። በዚያ ፊልም ላይ አነስተኛ ሚና ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራ ላይ የታየው ወጣት ኤም. ጂ. ራማቻንድራን ነው፤ በኋላ የታሚል ሲኒማ ንጉሥ፣ ከ1977 ጀምሮም የታሚል ናዱ ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆኗል።