«ጭስ አለው» ሲሉህ

ለቦሎ ሄደህ መኪናህ «ጭስ አለው» ተብሎ ተመለሰ እንበል። ብዙ ሰው ሞተር ሊያስወርድ ይሮጣል። ቆይ! መጀመሪያ የጭሱን ቀለም እይ።

ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይ አየር አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሞቆም የማያባራ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይጠቁማል። የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ የሚያመጣው እንፋሎት ግን አያስጨንቅም።

እኛ ጋ የሚረሳው ከፍታው ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ የተስተካከለ የድሮ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቃዩ) ጣርማበርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ አየሩ ይሳሳበታል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ፈትተህ እይ። ጥላሸት ከለበሰ ጉዳዩ ይኸው ሊሆን ይችላል፤ የአየር ፊልትሮውን ቀይርና ካርቡሬተሩን እዚሁ አስተካክል። ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኮምፒውተር የሚረጭ) ከሆነ ግን በሴንሰሩ ራሱን ያስተካክላል።

እኔ የገዛሁት ያገለገለ መኪና «እንዲጎትት» ተብሎ ካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ማጣሪያ) ወጥቶ ባዶ ቱቦ ተበይዶለት ነበር። ጭሱ አይታይም፤ ሽታው ግን ዓይን ያስለቅሳል። ካታሊስት የሚያጠራው በዓይን የማይታየውን ጋዝ ነዋ! ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት አልጠፋ ያለኝም ለዚህ ነበር። የዚህን መብራት አምፖል ነቅሎ መኪናውን የሚሸጥም አለ። ቁልፍ ስትከፍት መብራቱ ጭራሽ ካልበራ ጠርጥር።