ዲቪያ ዱታ፦ ሂንዲም ፑንጃቢም የምትሠራው ተዋናይት

የህንድ ፊልም ሲነሳ አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው የነሻህሩክ ካን ስም ነው። ዲቪያ ዱታን በስሟ የሚያውቃት ያንሳል። ፊቷ ግን አዲስ አይደለም። በ2004 የወጣውን «ቪር-ዛራ» ያየ ሰው ሻቦን አይረሳትም፤ የፕሪቲ ዚንታ አገልጋይም ምስጢረኛም የነበረችው ያቺ ልጅ ዲቪያ ናት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደችው በ1977 በፑንጃብ ግዛት፣ ሉዲያና ከተማ ውስጥ ነው። አባቷ ገና በልጅነቷ ሞቱ። እሷንና ወንድሟን ብቻቸውን ያሳደጉት ሐኪም እናቷ ናቸው። ዲቪያ በ2017 ስለ እናቷ መጽሐፍ አሳትማለች።

ቦሊውድ የገባችው በ1994 ነው። በዓመቱ ሳልማን ካን መሪ ተዋናይ በሆነበት «ቪርጋቲ» ላይ ታየች። የመሪነት ሚና ግን እንደልብ አልመጣም። በ2001 በወጣው «ካሱር» ላይ ጭራሽ ድምጿ ብቻ ነው ያለው፤ መሪዋ ተዋናይት ሊዛ ሬይ ስትናገር የምንሰማው ዲቪያን ነው።

እውነተኛ የመሪነት ቦታ የሰጣት በፑንጃብ ቋንቋ፣ በፑንጃቢ የሚሠራው ፊልም ነበር። በ1999 ማኖጅ ፑንጅ ባዘጋጀው «ሻሂድ-ኤ-ሞሃባት ቡታ ሲንግ» ላይ ከዘፋኙ ጉርዳስ ማን ጋር ተወነች። ታሪኩ የእውነት ነው። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ ለሁለት ተቆረጠች። ቡታ ሲንግ የሚባል የቀድሞ ወታደር፣ የሲክ እምነት ተከታይ፣ ዘይነብ የተባለች ሙስሊም ልጅ ከጠለፋት ሰው እጅ በገንዘብ አስለቀቀ። ተጋቡ፣ ወለዱም። ኋላ ሁለቱ መንግሥታት በግርግሩ የተጠለፉ ሴቶችን ወደየወገናቸው ለመመለስ ተስማሙና ዘይነብ ወደ ፓኪስታን ተላከች። ቡታ ተከትሏት ሄደ። እሷ ግን በዘመዶቿ ጫና ፍርድ ቤት ቆማ አልፈልገውም አለች። እሱም የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ዘይነብን የተጫወተችው ዲቪያ ናት። ፊልሙ የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት በፑንጃቢ ዘርፍ ወሰደ። የፑንጃብ ሲኒማ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ መጀመሪያ በነበረው የታጣቂዎች ግጭት ክፉኛ ተዳክሞ ነበርና፣ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በ2006 ዲቪያና ጉርዳስ ማን «ዋሪስ ሻህ» ላይ እንደገና ተገናኙ።

የሚገርመው፣ የሂንዲ ሥራዎቿም ዞረው ዞረው ፑንጃብ ይገባሉ። በእኔ እይታ ምርጡ በ2013 የወጣው «ባግ ሚልካ ባግ» ላይ የሠራችው ነው። ፊልሙ ስለ ሯጩ ሚልካ ሲንግ ነው። እኛ የ1960ውን የሮም ኦሎምፒክ የምናስታውሰው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ስላሸነፈበት ነው፤ እዚያው ሮም ላይ ሚልካ በ400 ሜትር አራተኛ ወጥቶ ሜዳሊያ ለጥቂት አመለጠው። ወላጆቹ በክፍፍሉ ጊዜ ተገድለዋል። ዲቪያ የተጫወተችው በስደተኛ ካምፕ ውስጥ እንደ እናት የሆነችለትን እህቱን ነው። ብዙ አታወራም። ፊቷ ይበቃል። ሕንዶች አይፋ የሚሉትን ሽልማት በረዳት ተዋናይት ዘርፍ አገኘችበት። ያንኑ ሽልማት ቀደም ሲል በ«ዴልሂ-6» ወስዳለች፤ እዚያ ደግሞ ሰው የሚጸየፋት፣ ዝቅተኛ ካስት (በትውልድ የሚወሰን የማኅበረሰብ ደረጃ) ያላት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች።

ትልቁ ሽልማት የመጣው ግን በክፉ ሴት ነው። በ2017 በወጣው «ኢራዳ» የፑንጃብን ሙሰኛ ዋና ሚኒስትር ሆና ሠራች። ፊልሙ የፋብሪካ ኬሚካል የከርሰ ምድር ውሃውን በክሎ ሕዝቡን ለካንሰር ስለዳረገበት ወንጀል ነው። በዚህ የምርጥ ረዳት ተዋናይት ብሔራዊ ሽልማትን አሸነፈች።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልቀነሰችም። በ2025 ብዙ ገንዘብ ባስገባው የታሪክ ፊልም «ቻቫ» ላይ፣ የራሷን ልጅ ለማንገሥ የምታሴረውን የማራታ (የድሮ የህንድ መንግሥት) ንግሥት ሶያራባይን ሆና መጥታለች።